የጃማዕ ቀኝ ጎን

የበርሜል ጆሮ ያላት ሴት እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ! ዐስሊ ነኝ፣ የጃማዕ ሚስት፤ መጋላ ሰፈር ያለውን የላምባ ሱቃችንን የማያውቅ ሰው ድሬ ኖሬአለሁ አይበል። ላምባው ከጅቡቲ በባቡር ነው የሚመጣው። እኔ ለገሃር ወርጄ እያንዳንዱን በርሜል ከላይ እስከ ታች በጣቴ አንጓ ሳላንኳኳ አልረከብም። ባዶው ቦታ ይጮሃል፣ ሙሉው ቦታ ድምፁን ይውጣል። በቃ፣ ሌላ ጥበብ የለውም። አንድ ጊዜ አንድ ደላላ "ሙሉ ነው፣ ልጆቼን!" ብሎ ሲምልልኝ፣ "አቦ ተወኝ! እዚህ ድረስ ነው" ብዬ በከሰል አሰመርኩበት። ከፍተው እንጨት ሰደዱበት፤ እርጥቡ ልክ መስመሬ ላይ ቆመ። ያን ቀን ጃማዕ በኩሊዎቹ ሁሉ ፊት፣ "የዐስሊ ጆሮ ካለ የኔ ዓይን ምን ያደርጋል!" አለ። ባሏ እንዲህ ሲል የምትጠላ ሴት ካለች ትምጣ።

እሱ የታመመው በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን ወዲያና ወዲህ በከፈለበት ክረምት። መጀመሪያ ቀኝ ጎኑን ወጋው። ሲተነፍስ "ቢላ ነው" ይላል፣ ሲያስል ጎኑን በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። ሌሊቱን ላብ ያጠምቀዋል። እኔም ብርድ ነው ብዬ በሰሊጥ ዘይት አሸሁት፣ አብሽ አጠጣሁት። ከዚያ ውጋቱ ቀስ በቀስ ተወውና ደስ አለን። "አየሽ፣ ድኛለሁ" አለኝ። ለካ ውጋቱ ሲሄድ ትንፋሹንም ይዞ ነው የሄደው። ለገሃር ደርሶ ሲመለስ የማይደክመው ሰውዬ ከአልጋው እስከ በሩ ያለከልክ ጀመር። የሚተኛውም በቀኝ ጎኑ ብቻ ሆነ፤ በግራው ካዞርኩት ዓይኑ ይፈጣል። ፈራሁ። ጋሪ ጠርቼ እየተነጫነጨ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ሐኪሙ ዶክተር ነጋ ይባላል፣ ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣ ቀጭን ጎረምሳ። ጃማዕን "እርስዎ" ሲለው ጃማዕ ዞር ብሎ ከኋላው ሌላ ሰው ፈለገ። እኛ ድሬዎች "አንተ"ን ለትልቁም ለትንሹም እናድላለን፤ አንቱታ የት እናውቃለን! ልጁን ግን ወደድኩት፤ ችኮላ የለበትም። የጃማዕን ሸሚዝ አስወለቀና መጀመሪያ ዝም ብሎ አየው።

"ይመልከቱ፣ እመቤት" አለኝ። "ሲተነፍሱ የግራ ደረታቸው ይነሳል። ቀኙ አይንቀሳቀስም።"

እውነቱን ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ጎኑ የተኛሁት ሴት አላየሁትም ነበር፤ ገርሞኝ ቀረሁ።

ቀጥሎ ሁለት መዳፉን ጀርባው ላይ ለጠፈና፣ "አርባ አራት ይበሉ" አለው።

"አርባ አራት ምን?" አለ ጃማዕ። ነጋዴ ነዋ!

"ምንም አይደለም፤ አርባ አራት ብቻ ይበሉ።"

"አፈርተን ኢዮ አፈር" አለ ያንኑ በሶማሊኛ፣ ፊቱን አኮሳትሮ።

ዶክተሩ ሳቀ። "በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፤ እኔ የምፈልገው ንዝረቱን ነው። ድምፅዎ በግራ እጄ ላይ ይነዝራል፤ በቀኙ የለም።"

ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ አዳመጠ፤ በግራ ትንፋሽ አለ፣ በቀኝ ጸጥ። የልቡን ምት በጣቱ ሲፈልግ ከቦታው ተገፍቶ ወደ ግራ ብብቱ ሸሽቶ አገኘው። ይሄኔ ፊቱ ጠቆር አለ። ጀርባውን ሊያንኳኳ ሲጀምር ጃማዕን ሳል አጣደፈው፤ ስለዚህ ተወውና ወደ ራጅ ክፍል ላከን።

ነገር የተበላሸው ራጁ ሲመጣ ነው። ሲስተር ሸዋገነት የምትባለው ነርስ ፎቶውን መስኮቱ ላይ ዘርግታ ያዘችው። የጃማዕ የጎድን አጥንት እንደ አጥር ተደርድሯል። በአንዱ በኩል ጥቁር ነው፣ የምጣድ ቂጥ። በሌላው በኩል ነጭ ነው፣ የግመል ወተት።

"ነጩ ቀኝ ጎንዎ ነው" አለ ዶክተሩ። "ሳምባዎ ውሃ ቋጥሯል። ዛሬውኑ በመርፌ መቅዳት አለብን። ልብዎን እየገፋው ነው፤ ካልቀዳነው ነገን አላረጋግጥልዎትም።"

ጃማዕ ፎቶውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ዶክተሩን አየ።

"ዋሪያ፣ ስማ! አሞኛል እንጂ ታውሬአለሁ? ወተት የመሰለውን ጎኔን ትተህ የከሰለውን አታክምም? መርፌ ካማረህ ጥቁሩን ውጋ!"

"ጥቁሩ ጤነኛው ነው። አየር ስላለበት ነው የጠቆረው።"

"አየር ጥቁር ነው?" አልኩት እኔ። ወላሂ ደሜ ፈላ። "አንተ ልጅ፣ ነጭ ነገር በረካ ነው። ጥቁሩን ደህና፣ ነጩን በሽታ የሚል ሐኪም የት ነው የተማረው?"

ዶክተሩ ስለ ብርሃን ብዙ አስረዳን፤ ባስረዳን ቁጥር ባሰብን። ደግሞ ጎረቤታችን ሸምሶ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ በመርፌ ከተቀዳለት በኋላ ብዙ ሳይቆይ ነበር የቀበርነው። ጃማዕ ይህን አይረሳም። "መርፌ ውሃውን አያወጣም፣ ነፍስን ነው የሚያወጣው" አለና ሸሚዙን ፈለገ። እኔም ፎጣውን፣ ፔርሙዙን፣ ነጠላ ጫማውን በሽርጡ መቋጠር ጀመርኩ። ጋሪው በር ላይ ቆሟል። ግን እውነቱን ልናገር፣ እጄ ይቋጥራል እንጂ ልቤ አልቋጠረም። የባሌ ከንፈር እንደ ኑግ ጠቁሮ ነበር።

ዶክተሩ አልተቆጣም። "አላስገድድዎትም" አለ። "ብቻ ሸሚዝዎን ከመልበስዎ በፊት ያቋረጥኩትን ልጨርስ።" የግራ ጣቱን ጀርባው ላይ ጋደም አድርጎ በቀኝ ጣቱ ጫፍ ያንኳኳበት ጀመር፣ በቀኙ በኩል ከትከሻው ወደ ታች።

ጀርባዬን ሰጥቼ ቋጠሮዬን እያሰርኩ ነበር። መጀመሪያ ጮኸ። ሁለተኛም ጮኸ። ከዚያ ድምፁ ጥልቅ አለ፤ ተዋጠ።

ቋጠሮው ከእጄ ወደቀ።

"ቁም!" አልኩ። "እንደገና!"

እንደገና አንኳኳ። ያው ነው። ያንን ድምፅ ማንም አያስተምረኝም። "ዞር በል" አልኩና ዶክተሩን በክርኔ ገፋሁት። ሲስተር ሸዋገነት "ኧረ እትዬ!" አለች፤ አልሰማኋትም። እሱ እንዳደረገው ጣቴን አጋድሜ ግራውን መታሁ። እስከ ታች ድረስ ይጮሃል፣ ባዶ በርሜል። ቀኙን መታሁ። ከትከሻው አጥንት እኩሌታ ጀምሮ እስከ ወገቡ ድንጋይ ነው። አንድ ጣት ወደ ላይ፣ አንድ ጣት ወደ ታች፤ መስመሩን አገኘሁት። ለገሃር ብሆን ኖሮ በከሰል አሰምርበት ነበር። ያ ረቢ፣ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው ሲሳደብ የዋለው!

"ምን ሰማሽ?" አለኝ ጃማዕ፣ ሳይዞር።

"ሙሉ ነህ።"

"የት ድረስ?"

ጥፍሬን መስመሩ ላይ ጫን አደረግኩለት። "እዚህ ድረስ።"

ከዚያ ቁጣዬ መጣ፤ ስፈራ እንደዚያ ነኝ። "ፎቶውን አትመን፣ ሐኪሙንም አትመን። የኔን ጆሮ ካላመንክ ግን ከነገ ጀምሮ በርሜልህን ራስህ ተረከብ!"

ጃማዕ ሊስቅ ሞከረ፤ ትንፋሹ አልበቃውም። ሸሚዙን መሬት ጣለና ወደ ዶክተሩ ዞሮ፣ "እሷ ሙሉ ነው ካለች ሙሉ ነው" አለ። "በል ቅዳ።"

ትራስ አቅፎ ጎንበስ ብሎ ተቀመጠ። መርፌው ሲገባ ጣቶቼን ይዞ ሊሰብራቸው ምንም አልቀረው። ከዚያ የሰሊጥ ዘይት የመሰለ ውሃ ወደ ጠርሙሱ ይወርድ ጀመር። ጠርሙሱ ሲሞላ ሌላ መጣ። ጃማዕ በዓይኑ ጥግ አየና፣ "ይሄ ሁሉ የኔ ነው?" አለ።

"የራስህ ነው" አልኩት። "ቀረጥም የለበትም።"

ዶክተሩ ሳይጨርስ መርፌውን ነቀለ፤ ሁሉንም ባንዴ ከቀዱት ሳምባ አይችለውም አለ። ጃማዕ ግማሽ ተቀድቶ የተተወ በርሜል አይወድም፣ አጉረመረመ። ግን ማጉረምረሚያ ትንፋሽ አግኝቶ ነበር፤ ከንፈሩም ቀልቷል። ውሃው ተመርምሮ ዶክተሩ በሽታው የሳምባ ነቀርሳ ነው ሲለኝ ደረቴን መታሁ። "አይደንግጡ" አለኝ። "መድኃኒት አለው። ረጅም ነው፣ መርፌም ክኒንም አለ፤ እሳቸው ሳያቋርጡ ከወሰዱ ይድናሉ።" እንደዚህ ረግጦ የሚናገር ሰው እወዳለሁ። አመንኩት።

የቀረውንም ሌላ ቀን ቀዱለት። መድኃኒቱን እየወሰደ ሰነበተና እንደገና ራጅ ተነሳ። አሁን መስኮቱ ጋ ቀድሜ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሲስተር ሸዋገነት ፎቶውን ስትዘረጋ በሁለቱም በኩል ጥቁር፣ ጥቁር! "አልሐምዱሊላህ፣ ከሰል ሆኗል!" ብዬ ጮህኩ፤ ዶክተሩ ሳቁን መያዝ አቃተው።

ጃማዕ ግን ፎቶውን ዞር ብሎም አላየው። ሸሚዙን አውልቆ ጀርባውን ሰጠኝ።

"ወረቀቱን ተይው" አለ። "አንኳኪ።"

ጣቴን አጋደምኩ። ከትከሻው ጀመርኩ። ጮኸ። ያ የድሮው መስመር ጋ ደረስኩ። ጮኸ። ወደ ታች ወረድኩ፣ አሁንም ይጮሃል። ግንባሬን ጀርባው ላይ አሳረፍኩ።

"ባዶ ነው" አልኩት።

በርሜሉ ባዶ ነው ባልኩት ቁጥር እየተራገመ የኖረ ነጋዴ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና በሁለቱም ሳምባው አለቀሰ።