አፌን የዘጋሁበት ቀን

ሄርማታ ገበያ ኮረሪማ ስሸጥ ሠላሳ ዓመቴ ነው። በአፍ ያሸነፈኝ ሰው የለም፤ አስም ግን ያሸንፈኛል። ስድቤ ግማሽ ሲደርስ ደረቴ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። ግማሽ ስድብ ደግሞ ምን ይሠራል? ሰው ይስቅብኛል እንጂ።

ዘንድሮ ያነቀኝ የፈድሊያ ሚጥሚጣ ነው። ከጎኔ መደብ ያላት ቅመም ነጋዴ ናት። ወንፊቷን ይዛ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ትቀመጣለች፤ እሷ ትነፋለች፣ እኔ አስላለሁ። "ዞር በይ" ስላት "ነፋሱን እኔ አላዘዝኩት" አለችኝ። እንዲዳኘን የገበያውን ሽማግሌ ጋሽ ሀምዳንን ጠራሁ። ከሁለት አንዳችን፣ የተፈረደባት፣ መደቧን ለቃ አህያ ማሰሪያው አጠገብ ትሄዳለች። እኔ፣ ለጢፋ፣ ከአህያ ጋር!

በዳኝነቱ ዋዜማ ጤና ጣቢያ ሄጄ የምስበውን መድኃኒት፣ ፓፉን፣ ለሲስተር መቅዲ አሳየኋት።

"እማማ፣ እያወሩ ነው እንዴ የሚስቡት?"

"ታዲያ ዝም ልበል?"

"መድኃኒቱ ከወሬው ጋር ይወጣላ! ይነቅንቁት፣ ትንፋሽዎን ያስወጡ፣ በከንፈርዎ ግጥም አድርገው እየተጫኑ በቀስታ ይሳቡ። ከዚያ አፍዎን ዘግተው እስከ አስር ይቁጠሩ። አንድ ደቂቃ ቆይተው ይድገሙት።"

እስከ አስር! ባሌ ሲሞት እንኳ ይህን ያህል ዝም አላልኩም። ቁጥሩስ አይቸግረኝም፤ ፊደል ባልቆጥር ኮረሪማ ቆጥሬያለሁ።

በማግስቱ ገበያተኛው ከበበን። ጋሽ ሀምዳን "ለጢፋ ትናገር" አለ።

"ይህች ሴትዮ ወላሂ፣ ይህች..." ደረቴ ተዘጋ።

ፓፉን አወጣሁ። ነቀነቅሁ፣ ተነፈስኩ፣ ሳብኩ፣ አፌን ዘጋሁ። በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ።

"ኤካ! እውነትም ምላሷን ዋጠችው!" አለች ፈድሊያ። ሁለት፣ ሦስት።

"እዩዋት፣ ጉንጯን ነፍታ! እንቁራሪት!"

አራት። ስድቡ ጥርሴ ጋ ደርሶ ያንኳኳል። አምስት። ያ ረቢ፣ ስድስት።

እሷንማ ደስታው አሰከራት። "ሁለት ወር ሙሉ ነፋስ እየጠበቅኩ ወንፊቴን ወደ እሷ ሳዞር የከረምኩት ይህችን ዝምታ ፍለጋ ነው!"

ሰባት። ገበያተኛው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ስምንት። ፈድሊያ አፏን በእጇ ያዘች። ዘጠኝ።

"ነፋሱን አላዘዝኩትም አላልሽም?" አላት ጋሽ ሀምዳን። "ሂጂ፣ ለአህያዎቹ ንፊላቸው!"

አስር። አፌን ልከፍት ስል ሁለተኛው ትዝ አለኝ። ደቂቃዋን ጠብቄ፣ ደግሜ ስቤ፣ እንደገና እስከ አስር ቆጥሬ ስጨርስ ፈድሊያ ዕቃዋን ሸክፋ ሄዳለች።

ሰው ሁሉ "በትዕግሥትሽ አሸነፍሽ" ይለኛል። ምን ትዕግሥት! ያን የመሰለ ስድብ ሳይነካ እኔ ዘንድ ተቀምጧል። ሐሙስ ትልቁ ገበያ ነው፤ አህያ ማሰሪያውም ሩቅ አይደለም። ወንፊቷን ሳታነሳ በጠዋት እሄዳለሁ።