አንዲቷ ድምፅ

ሶርሳ ሶዶ ላይ የቤተክርስቲያን ኪቦርድ እየነካካ አድጎ፣ ሆሊውድ ገብቶ ለፊልም ሙዚቃ መድረስ እንጀራው የሆነ ሰው ነው። እዚያ ኦርኬስትራው ሁሉ የእሱን እጅ አይቶ ነው የሚጫወተው።

ዘንድሮ ለአዲስ ፊልም የአገሩን ጥሩንባ፣ ዲንኬን፣ ሊቀርጽ መጣ። በዲንኬ አንድ ነፊ ያለችው አንዲት ድምፅ ብቻ ናት፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው። በቀረጻው ቀን ግን ከቤሌ የሚመጣው ነፊ አውቶቡስ ተበላሽቶበት መንገድ ላይ ቀረ።

«ግድ የለም፣ የእሱን በኮምፒውተር እሞላዋለሁ» አለ ሶርሳ።

የነፊዎቹ አለቃ ጋሽ ላቾሬ ኮስተር አሉ። «አንተ እጅህ ባዶ አይደል እንዴ? እንካ፣ ያዝ» ብለው ትርፍ ጥሩንባ አስጨበጡት።

ለአንዲት ድምፅ ብሎ በልቡ ሳቀ። እየቆጠረ ሲነፋ ቀደመ፤ ደግሞ ሲሞክር ጭራሽ ተራው አለፈው። ከጎኑ የቆመው ሰው በክርኑ ጎሸም አደረገው። ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ መቁጠሩን ትቶ የጎረቤቱን ትንፋሽ ማዳመጥ ሲጀምር ገባለት፤ ያውም ትንሽ ዘግይቶ።

ቀረጻውን በላከ በሳምንቱ የፊልሙ ዳይሬክተር ከሎስ አንጀለስ ደወለ። «ያቺ ዘግየት ብላ የምትገባው ድምፅ አንጀቴን በላችው። ነፊው ማነው? ለሚቀጥለውም ፊልም እፈልገዋለሁ።»

ሶርሳ ጥሩንባውን በጨርቅ እየወለወለ ነበር።

«ገና ለማጅ ነው» አለ። «ማክሰኞ ልምምድ አለበት።»