ክር ሳያስገባ የሚሄድ የለም

ቢጫው ክር ለሦስተኛ ጊዜ ከፈረሱ ግላስ ሥር ተተበተበ። የሻረግ እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ አንስታ ቀዩን ጨርቅ ገለበጠችው፤ የተሰፋው ጠርዝ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ያልተፈተለ የበግ ጠጉር ሆኗል።

"ኧረ ኢንጂነር፣ ፈረሴ ነገ ራቁቱን ሊሮጥ ነው?" አለ ምንይችል የሱቁን በር ተደግፎ።

ነገ ጥር ሃያ ሦስት፣ የፈረስ ቀን ነው። እንጅባራ ከአዘናም ከጥሊሊም በመጡ ፈረሰኞች ተጨናንቃለች። ፈረሱን ግላስ ሳያለብስ ሜዳ የገባ ሰው ዓመቱን ሙሉ መተረቻ ሆኖ ይከርማል።

"ዝም ብለህ ጠብቅ" አለችው።

"የጠበቅሁትማ ከጥምቀት ጀምሮ ነው። ክሩን እኔ ላስገባልሽ እንዴ? መቼም እዚህ ቤት ክር ሳያስገባ የሚሄድ የለም።"

የሱቁ ቀልድ ነበር። አባቷ አቶ ይኸነው ልብሱን ሊወስድ የመጣን ደንበኛ ሁሉ መርፌዋ ላይ ክር ካላስገባ አያሰናብቱም፤ ሲያስገባ ይመርቁታል። ሽማግሌውም ተማሪውም እየሳቀ አስገብቶ፣ ተመርቆ ይሄዳል።

የሻረግ ግን ለመሳቅ ጊዜ አልነበራትም። የስንታየሁ ሚኒባስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ባሕር ዳር ይወጣል። ሻንጣዋ ተዘግቶ ከመደርደሪያው ሥር ተቀምጧል። ሰኞ ጠዋት ሐዋሳ ካልተገኘች የቀጠራት ፋብሪካ ቦታዋን ለሌላ ይሰጠዋል። ቻይና ሰባት ዓመት ተምራ፣ ለእናቷ ለቅሶ ለሁለት ሳምንት ብላ የመጣችው ይኸው ስምንት ወር ሆናት። ልሂድ ባለች ቁጥር አንድ ነገር ይነሣል፦ አርባው፣ ሰማንያው፣ ክረምቱ፣ አሁን ደግሞ ይህ የስፌት መኪና።

"መርፌዋን ቀይሪያት" አሉ አባቷ። በርጩማው ላይ ተቀምጠው የሌላ ግላስ ጠርዝ በጣታቸው እየዳበሱ ነው።

"ቀየርኋት አባዬ።"

"የታችኛውን ክርስ?"

"አውጥቼ፣ ጠርጌ መለስሁት። ችግሩ ከላይ ነው፤ ክሩ አልተወጠረም።"

ጎንበስ ብላ አየች። ክሩን ቆንጥጠው የሚወጥሩት ሁለት ትንንሽ ሳህኖች አልገጠሙም፤ መሀላቸው አንድ ነገር ተሰንቅሯል። መቀሱን አነሣች።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አሉ አባቷ ድምፁን ሰምተው።

"ክሩን ላውጣውና እንደገና . . ."

"ተይ! አትምዘዢው!"

ቆርጣ መዝዛው ነበር። ከሳህኖቹ መሀል በመርፌ ጫፍ እየለቀመች መዳፏ ላይ አኖረችው፦ የቋጠሮ ቁርጥራጭ። ሰማያዊው ከተማሪ ዩኒፎርም የተረፈ ነው፤ ነጩ ከጥምቀት ቀሚስ፤ ጥቁሩ ከሐዘን ልብስ።

"ይሄ ሁሉ ቋጠሮ ምንድን ነው?"

"አዲሱን ክር ካሮጌው ጫፍ እቋጥርና እስበዋለሁ። መንገዱን ራሱ ይዞ ይሄዳል።"

"ሁልጊዜ?"

"ይቀላል።"

"እንግዲያው አሁን እንደ ደንቡ ያስገቡልኝ" አለች ወንበሩን እየለቀቀች። ተናዳ ነበር።

አቶ ይኸነው ተቀመጡ። ጣቶቻቸው ከላይ ጀምረው መንገዱን ተከትለው ወረዱ፤ የመጀመሪያውን ቀለበት አለፉ፣ ሳህኖቹ መሀል ገቡ፣ ከፍ ዝቅ የምትለዋን ክንድ ግን ዘለሏት። መርፌዋ ዘንድ ሲደርሱ የክሩን ጫፍ በምራቃቸው አርጥበው ወጉ። ሳቱ። ደግመው ወጉ። ክሩ ከመርፌዋ አንድ ጣት ርቆ አየሩን ይወጋል።

"ጋሽ ይኸነው፣ መርፌዋ እዚህ፣ እርስዎ የሚወጉት ጥሊሊን!" ብሎ ሳቀ ምንይችል። ሳቁ ግን ግማሽ ላይ ቆመ።

አባቷ ዝቅ ባለ ድምፅ በአውኝኛ አንድ ነገር አሉት። የሻረግ ቋንቋውን ግማሹን ውጭ አገር ጥላው መጥታለች፤ ይህኛው ግን ካልጠፋባት ግማሽ ነበር።

"እንዳትነግራት" ነው ያሉት።

ገበያው ሁሉ ያውቅ ኖሯል። የሚስቁት እሷ እንዳትጠረጥር ሲሉ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች።

"ሦስት ዓመት። ከእናትሽ ጋር ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። የዓይን ግፊት ነው አሉ። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ጠብቅ አሉኝ።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ብንነግርሽ ትመጫለሻ።" ባዶውን መርፌ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። "የምታስገባው እናትሽ ነበረች። አሁን የመዘዝሽው እሷ ያስገባችውን ነው። መርፌዋ ላይ ሲበጠስ ደንበኛ ያስገባልኛል፤ ከላይ ያለውን ግን አውጥቼው አላውቅም። እየቋጠርሁ እቀጥልበት ነበር።"

ከውጭ የፈረስ ቃጭል አልፎ ሄደ። የሻረግ ሻንጣውን አየችው፤ ከሻንጣው እስከ በሩ ሦስት እርምጃ ነው። የደበቋት እንድትሄድላቸው ብለው ነው፤ ማወቋ ደግሞ በሩን ዘጋባት። ስምንት ወር ሙሉ አላየሁም ማለት ነው? ወይስ አይቼ፣ እንዳላየ መሆን ተሽሎኝ ነው?

ተቀምጣ ክሩን አስገባች፤ ቀለበቱን፣ ሳህኖቹን፣ ክንዷን፣ መርፌዋን። ደቂቃም አልፈጀባት። መርገጫውን ስትረግጥ ቢጫው ስፌት በቀዩ ላይ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከሥር ገልብጣ አየችው፤ ጥሩ ነው።

ምንይችል ግላሱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እንደ ልማዱ ወደ መርፌዋ ጎንበስ አለ።

"ክሩን ልበጥስና ላስገባ? ምርቃቴ እንዳይቀር።"

"ተው" አለችው። "ዛሬ የሚያስገባ ሌላ ሰው ነው።"

ስልኳ ጮኸ። "የት ነሽ አንቺ? መኪናው ሞልቷል እኮ!" አለ ስንታየሁ።

"የእሁዱን ያዝልኝ።"

"እሁድ ወጥተሽ ሰኞ ጠዋት ሐዋሳ? ክንፍ አበቀልሽ?"

"ያዝልኝ አልኩህ።"

ስልኩን አስቀምጣ፣ አሁን ያስገባችውን ክር እስከ ጥቅሉ ድረስ መዘዘችው። ጫፉን አባቷ መዳፍ ላይ አኖረችና ሌባ ጣታቸውን ይዛ ወደ መጀመሪያው ቀለበት ወሰደችው።

"ይሄ አንድ። ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ አይፈልጉት።"

"ብጨፍነው ባልጨፍነው ምን ለውጥ አለው?"

"ስለሌለው ነዋ።"

አባቷ ሳቁ። ከፍ ዝቅ የምትለዋ ክንድ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ አቆመችው። "ይቺን ነው የዘለሏት። ከተዘለለች ከሥር ይተበተባል።" ከዚያ ጥፍራቸውን መርፌዋ ላይ አሳረፈችው። "ክሩ በሚገባበት በኩል ቦይ አላት። ጥፍርዎን በቦዩ ያውርዱት፤ የሚቆምበት ጋ ቀዳዳው አለ።"

ጥፍራቸው ወረደ፣ ቆመ። ክሩን ወጉ። ሳቱ።

"መኪናሽ ይሄዳል፣ የሻረግ።"

"ሄዷል" አለች። ሻንጣውን ከመደርደሪያው ሥር ስባ አጠገባቸው ካጋደመችው በኋላ ተቀመጠችበት። "እንደገና።"