ግንባሩን ግንቡ ላይ ያሳረፈው ድኩላ

አንድ ሸለቆ ለማዳን አንድ እንስሳ ብቻ ምረጡ ብትባሉ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ጅብን እንዳትሉኝ! ጅብ ቆሻሻ ከተጣለለት የትም ይኖራል፤ ለእሱ የበቃ መሬት ለሌላው አይበቃም። የሚመረጠው አስቸጋሪው ነው፤ ሰፊ ጥላና ያልተቆረጠ መንገድ የሚፈልገው። እሱ ካለፈ ሌላውም ሁሉ ያልፋል።

የዱር እንስሳት አጥኚዋ ኤቢሴ ይህንን ስታስረዳ ሦስት ወር ከረመች። ከመናገሻ ጫካ ወደ ፉሪ የሚሄደው ሸለቆ በሰበታ ከተማ ፕላን ላይ ስንት ሜትር ስፋት ይተውለት? እሷ ድኩላን መርጣ አራት መቶ አለች። የከተማው ፕላን ጽሕፈት ቤት ጅብን መርጦ አርባ አለ፤ ቀሪው ለመጋዘን ነው። ድኩላ መኖሩን በፎቶ ካላሳየች ነገሩ አበቃ።

ካሜራውን ጽድ ላይ ያሰሩላት የጫካ ጠባቂው ኦቦ ያደታ ናቸው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አብረው ከፈቱት። አሥራ አንድ ፎቶ፤ በሁሉም ላይ አንድ ድኩላ። ሁልጊዜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ሸለቆውን በከፊል በዘጋው የፋብሪካ ግንብ ሥር፣ ግንባሩን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ።

"ተገኘ!" ብላ ዘለለች።

ሽማግሌው አልሳቁም። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ግራ ቀንዱን እዪው።"

ከመሀሉ ተሰብሯል።

"ግንቡ የተሠራ ሰሞን፣ በለመደው መንገድ አልፋለሁ ብሎ ሲላተም ነው የሰበረው። እዚያው ሞተ። የቀበርኩት እኔ ነኝ።"

"ኦቦ፣ አይቀልዱብኝ እንጂ።"

"መቼ ቀልጄብሽ አውቃለሁ? ኮቴውን ፈልጊ።"

ወደ ግንቡ ወረዱ። ዘንቦ ስለነበር ጭቃው እርጥብ ነው። የጦጣ ጣት አለ፤ የጅብ መዳፍ አለ። የድኩላ ኮቴ የለም። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ፎቶ ግን አለ። ግንቡን ዳሰሰችው። ቀዝቅዟል፤ በድኩላ ግንባር ቁመት ላይ ያለችው አንዲት ድንጋይ ብቻ ትሞቃለች።

ሌላ ማስረጃ ስላልነበራት ፎቶዎቹን ይዛ ፕላኑ ለሕዝብ የሚቀርብበት ስብሰባ ገባች። አቶ ፈቀደ የተባለው የፕላኑ ኃላፊ ፎቶዎቹን አይቶ ፈገግ አለ።

"ጎበዝ! ድኩላው አለ ማለት ነው። ግንቡንም ለምዶታል፣ ተደግፎት ቆሟል እኮ! አርባ ሜትር ይበቃዋላ።"

አዳራሹ ሳቀ። ኤቢሴ ሞቷል ብትል አበደች ይሏታል፤ ዝም ብትል ሸለቆው ያልቃል። ተነሥታ ማይኩን ከፈቀደ እጅ ነጠቀች።

"ይሄ ድኩላ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው! የቀበሩት ኦቦ ያደታ በሩ ላይ ቆመዋል። መንገዱን ዘግታችሁ ገደላችሁት፤ አሁን ደግሞ እሱኑ ምስክር አድርጋችሁ የቀረውን ልትዘጉ ነው። አቶ ፈቀደ፣ ጅብን የመረጣችሁት የምትዘጉትን ሁሉ የሚችለው እሱ ብቻ ስለሆነ አይደለም? በጓዳ አይደለም፤ እዚሁ፣ ሕዝቡ ፊት ይመልሱ!"