ፈቃድ ያልተጻፈለት ፕሮግራም

የአባዬ ዓይን ሲጠፋ ወረቀት ፎቶ አንስቶ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ሠራሁለት። ድምፁ የታናሽ ወንድሜ ነው፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ ቃላቱን ቀረጸልኝ፣ ድምፁን የሚያገጣጥመውንም ኮድ ራሱ ጻፈ። ሲያልቅ ኮዱን ኢንተርኔት ላይ ለቀቅሁትና «የፈለገ ይውሰደው» ብዬ በልቤ መረቅሁት። በልቤ ነው እንግዲህ፤ የትም አልጻፍኩትም።

ባለፈው ወር የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መምህርት ደወለችልኝ።

«ፕሮግራምሽን ወደነዋል፤ ግን የሕግ ባለሙያችን አትንኩት አለን። ፈቃድ የለውም።»

«የምን ፈቃድ? ሜዳ ላይ የጣልኩትን ነገር!»

«በር ላይ የቆመ ብስክሌት ሁሉ የተሰጠ ነው እንዴ? ካልጻፍሽ ያንቺው ነው፤ የነካው ሊከሰስ ይችላል። ልጆቹ ደግሞ ለፈተና ሦስት ሳምንት ነው የቀራቸው።»

ክው አልኩ። ለጋስ ነኝ ብዬ ስኮፈስ፣ ለካ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ኖሯል።

ሦስት ቀን ለፕሮግራሞች የሚለጠፉ ፈቃዶችን ሳነብ ዋልኩ። የሕግ ጽሑፍ እንቅልፍ ላጣ ሰው የተጻፈ ይመስላል፤ ጥርሴን ነክሼ ጨረስኩት። ዓይነቱ ብዙ ቢሆንም እኔ ፊት የቀሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው «ውሰድ፣ ያሻህን አድርግ፣ ስሜን ብቻ አትፋቅ» ይላል። ስም ከመቃብር በላይ ነውና አይናቅም። ሁለተኛው ግን «ውሰድ፣ አሻሽል፣ ሽጥም፤ ለሌላ ስትሰጥ ግን ኮዱን እንደ እኔው ማንም እንዲያየው ክፍት አድርገህ ስጥ» ይላል። አንዱ ድርጅት ወስዶ፣ ዘግቶ፣ መልሶ ለዓይነ ስውራን ሲቸበችበው ታየኝና ደሜ ፈላ። ሁለተኛውን መረጥኩ።

ችግሩ፣ ወንድሜ የሠራው የወንድሜ ነው፤ እሱ እሺ ሳይል ፈቃድ ልለጥፍበት አልችልም። እሱ ደግሞ ቀረጻውን ከጨረሰ ወዲህ ቤት መምጣት ትቷል። «ሥራ በዛብኝ» ይላል፤ አባዬን እንደዚያ ሆኖ ማየት እንዳልቻለ ግን አውቃለሁ።

ቢሮው ድረስ ሄጄ ሁለቱን ፈቃዶች አስረዳሁት።

«አንደኛውን አድርጊው» አለኝ። «አለቃዬ በሚሸጠው መሣሪያ ላይ ሊገጥመው ይፈልጋል። ኮዱን ግን መክፈት አይፈልግም።»

«እኔ ደግሞ እፈልጋለሁ።»

«እህቴ፣ አንደኛውም እኮ ክፍት ነው፤ እንዲያውም ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ግትር አትሁኚ።»

እውነቱን ነው፤ ሌላ ሥራ ቢሆን እኔም አንደኛውን በመረጥኩ። ለዚህ ግን አይሆንም።

«እንግዲያው ያንተን አወጣለሁ።»

«ድምፁንም?»

«ድምፁንም።»

ሳቀ። አትችይም ማለቱ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ በአሥራ ስድስት ቀን ጨረስኩት። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ቀረጽኩ፤ የእሱን ኮድ ዞር ብዬ ሳላይ የራሴን ከባዶ ጻፍኩ።

መጀመሪያ ለአባዬ አሰማሁት። አንድ ገጽ ሙሉ አዳመጠ።

«እሱ የት ሄደ?» አለ።

«በእኔ ድምፅ ይሁን ብዬ ነው፣ አባዬ።»

«ያንቺንማ ቀን በቀን እሰማዋለሁ፣ ልጄ። እሱን የምሰማው በዚህ ብቻ ነበር።»

ያም ሆኖ ውሳኔዬን አልቀየርኩም። በአባዬ ኮምፒውተር ላይ የድሮውን መለስኩለት፤ ቤታችን ውስጥ የሚከለክለን የለም። አዲሱን ሁለተኛውን ፈቃድ ጽፌበት ለቀቅሁት። መምህርቷ በማግሥቱ ስትደውል ከኋላዋ የእኔ ድምፅ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ያነባል፤ ልጆቹ «ፍጥነቱን ጨምሩት!» እያሉ ይንጫጫሉ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ለወንድሜ አባዬ ያለውን እንዳለ ጽፌ ላክሁለት፤ ከራሴ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ፤ እሱ ነው።

«ፈቃዱን ልትፈርም ከሆነ አምልጦሃል» አልኩት።

«ለፊርማ አይደለም የመጣሁት።»

አባዬ አጠገብ ተቀመጠ፣ ኮምፒውተሩን ዘጋና ጋዜጣ አንስቶ ጮክ ብሎ ያነብለት ጀመር። ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፁ ተቆራረጠ።

«ማሽኑ እንኳ እንዲህ አይንተባተብም» አለው አባዬ፣ የወንድሜን ጉልበት ጨብጦ። «ቀጥል።»