ኩላሊት ያመላለሰው

የባሌ ኩላሊት ውስጥ ጠጠር የተገኘ ዕለት የኔና የልጄ ምላስ አብሮ ታመመ። ሐኪሟ ጨው ይቀንሱ አለችው፤ እሱ ደግሞ ብቻውን የሚቀንስ ሰው አይደለም። ጨው ከቤት ወጣ። ጠጠሩ ካልሲየም ነው ስለተባለ ወተትንም ከራሱ አፍልቆ አስከተለው። ዓመት ሙሉ የሞቀ ውሃ የመሰለ ሾርባ ጠጣን። ልጄ ማንኪያዋን አስቀምጣ "እማዬ፣ እኛም ጠጠር አለብን?" ትለኛለች። እሱ ግን አንድ ቀን አላማረረም። ቢሮ ይዞት የሚሄደውን የምሳ ዕቃ እንኳ ጥርግ አድርጎ ነበር የሚመልስልኝ፤ እኔም ሞኟ ደስ ይለኝ ነበር።

ዓመቱ ሲዞር ጠጠሩ ወንድም ይዞ ተመለሰ። ይህን የሰማች ታላቅ እህቱ፣ እትዬ፣ ሻንጣዋን ይዛ ከች አለች። ወንድሟን በጨው እየገደልኩት ስለሆነ ከእንግዲህ ማዕድ ቤቱን እሷ ልትይዝ ነው። ባሌ ዝም ቢል እንኳ ደግ ነበር። "እጇ ጨው ላይ ይከብዳል" አለ። ጨው በሌለበት ቤት እጄ ምን ላይ ይከብዳል?

ሐኪሟ ከጠዋት እስከ ጠዋት የተጠራቀመ ሽንቱን አስመረመረች። ጨው በጨው ነው። ሦስታችንን አስቀምጣ አስረዳችን። ኩላሊት መጀመሪያ ሁሉንም ያወጣና የሚጠቅመውን እየለቀመ ይመልሳል፤ ካልሲየም በአብዛኛው የሚመለሰው የጨውን እግር ተከትሎ ነው። ጨው ሲበዛ ኩላሊት ይለቀዋል፣ ካልሲየምም አብሮት ይወጣና መንገድ ላይ ጠጠር ይሆናል። ወተትማ ምን አደረጋችሁ፣ መተው አልነበረባችሁም ብላ ታዘበችን።

"እሷን ይጠይቋት፣ የምታበስለው እሷ ናት" አለ ባሌ።

ከአንድ ድስት እንደምንበላ ተናግሬ የኔም ይመርመር አልኩ። እትዬ ውሃ እንዳልቀላቅልበት ሽንት ቤት በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ዋለች።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የኔ ኩላሊት የሚለቀው ጨው አጥቶ ያገኛትን ሁሉ መልሶ ይዟታል። ልብ ያሰበውን ኩላሊት ያመላለሰውን የሚያውቀው አንድ ፈጣሪ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ለካ ላብራቶሪም ያውቃል።

"ምሳ የት ነው የሚበሉት?" ስትለው ባሌ ጣራ ጣራውን አየ። የመለሰችው እትዬ ናት።

"እኔ ነኝ ቢሮ የምልክለት። የሷ አይጥመኝም ቢለኝ፣ የእህት እጅ ምን ይጎዳል ብዬ ነው።"

ለካ የኔን ምሳ ዓመት ሙሉ ጥርግ ሲያደርግ የኖረው የቢሮው ዘበኛ ነው። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ይሉሃል ይባላል፤ የባሌ ጨው ጣፍጦለትም ድንጋይ ሆነ።

እትዬ ሻንጣዋን ይዛ እንደመጣችው ሄደች። ጠጠሩ ውሃ ሲበዛለት ይወጣል ብላናለች ሐኪሟ። ባሌ "እጇ ይከብዳል" ያላት ቃል ግን ከኔ በየት በኩል እንደምትወጣ አልነገረችኝም።

ለራት ጨውና ወተት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ባሌ ወደ ጨዉ እጁን ሰደደ። ልጄ ቀድማ ወደ ራሷ ሳበችውና ዓመት ሙሉ የጠየቀችኝን ጠየቀችኝ።

"የለብንም" አልኳት። "እኛ የለብንም።"