በመስኮት የተሰጠ ቃል

ታላቅ ወንድሜ የተገደለው ፖሊስ ጣቢያው ፊት ለፊት በነበረው ኬላ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ የሰው ቤት መብራት ጠግኖ ሲመለስ ነው የተተኮሰበት። እኛ ግን ቃላችንን አልሰጠንም። ያኔ ፖሊሶቹ ከሩቅ ተሹመው የሚላኩብን ነበሩ፤ በሰፈራችን ደግሞ ጣቢያ የገባ ሰው ጆሮ ጠቢ ይባላል። ሌባ እንኳ ቢያዝ እዚያው ሰፈር በሽማግሌ ነበር የሚዳኘው። እናቴ እማዬ ሊጠይቃት የመጣውን መርማሪ ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። ስለዚህ ወንድሜ በወረቀት ላይ አልተገደለም።

ግጭቱን ያቆመው የሰላም ስምምነት በተፈረመ በሦስተኛው ዓመት ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም ፍርድ ቤቱም ከማዕከላዊው መንግሥት ወጥተው ለአካባቢያችን ምክር ቤት ተላለፉ። አብረው የተላለፉት ግን መዝገብ ያላቸው ጉዳዮች ብቻ ናቸው። መዝገብ የሌለው ቤተሰብ ቀርቦ እንዲያስከፍት ስድስት ወር ተሰጠው። እማዬ «እስቲ ይታሰባል» እያለች ጊዜውን ጨረሰችው። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ግን ጫማዋን አጥልቃ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ምን ያፈዝሻል? ነይ እንጂ!»

ጣቢያው ስንደርስ እግሯ እምቢ አላት። ደረጃውን አንድ ረገጠችና ተመለሰች።

ተረኛዋ መርማሪ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ በልጅነቷ አፏ ስለማይዘጋ ሁላችንም «ሬዲዮ» ነው የምንላት። ስታየን ወጣች።

«እማማ፣ ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም። እዚሁ ጻፊው።»

«መዝገቡ ከክፍሉ አይወጣም፣ ደንብ ነው።»

«ደንብ! ያንቺን ንፍጥ ስጠርግ የኖርኩት እኔ አይደለሁም?»

«አሁንም ቢሆን ይጠርጉልኝ፤ መዝገቡ ግን አይወጣም።»

እማዬ ሳታስበው ሳቀች። ሬዲዮ ቆም ብላ አሰበችና ወደ ውስጥ ገባች። ትንሽ ቆይቶ በመንገዱ በኩል ያለው መስኮት ተከፈተ። መዝገቡን ከውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች፤ ለእማዬ ወንበር ከውጭ አስቀመጠችላት።

ችግሩ መንገደኛው ሁሉ ያያል። አንድ ጎረቤታችን ብስክሌቱን እየገፋ ሲያልፍ፣ «እርስዎም ጣቢያ መምጣት ጀመሩ እንዴ?» አለ።

«አዎ፣ ጀመርኩ! አንተም ቁምና ስማ!» አለችው እማዬ። ከዚያ ወዲያ ድምጿን ከፍ አድርጋ ነው የተናገረችው። ወንድሜ ያን ቀን የለበሰውን ሹራብ፣ የያዘውን የመሣሪያ ሳጥን፣ ቁርሱን ሳይጨርስ መውጣቱን። ሬዲዮ አንድ ገጽ ስትሞላ መልሳ ታነብላታለች፤ እማዬም ታርማታለች።

«ሲተኮስ ያየ ሰው አለ?»

«እኔ የደረስኩት ከወደቀ በኋላ ነው» አለች እማዬ።

ሬዲዮ ብዕሯን አስቀመጠች። «መዝገቡ ዛሬ ይከፈታል፣ እማማ። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ያየ ሰው ካልተገኘ ብዙም አይራመድም።»

ከመንገዱ ማዶ ዳቦ ጋጋሪው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር። የእጁን ዱቄት በሽርጡ እየጠረገ ተሻገረ።

«እኔ አይቻለሁ» አለ።

እማዬ ቀና ብላ አየችው። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ ዳቦ ስትሸጥልኝ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንደምን አደሩ እያልከኝ?»

«ፈራሁ። እነዚያን ፖሊሶችም፣ ሰፈሩንም።»

አሁን አፏን ትከፍትበታለች ብዬ ጠበቅኩ። ሰውየው ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። እማዬ ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ክንዴን ይዛ ተነሣችና ወንበሩን ወደ እሱ ገፋችለት።

«ተቀመጥ» አለችው። «ቀስ እያልክ ንገራት፤ ልጅቷ እየጻፈች ነው።»